የዘረመል አማካሪና የሆስፒታል ልምምዱ

ባለፈው ወር አንድ ምሽት ከእራት በኋላ በካፌው ጥግ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ክርክር ተነሣ። ክርክሩን የጀመረው አንድ የባዮሎጂ ተማሪ ጓደኛችን ነው። በአሜሪካ ስለ ዘር በሽታ ሰውን የሚያማክሩ፥ ሐኪሞች ያልሆኑ ባለሙያዎች እንዳሉ፥ ከመጀመሪያ ዲግሪያቸው በኋላ ሁለት ዓመት ያህል እንደሚማሩ፥ ቢያንስ በ50 ጉዳዮች ላይ ከታካሚዎች ፊት ቀርበው ሳይሠሩም እንደማይመረቁ ነገረን። ከሕክምና ፋኩልቲ የመጣው ጓደኛችን ሣቀ። «ነገሩን ካወቁት መናገሩ ምን ያስቸግራል? ለወሬ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል?» አለ። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ወሬ ሙያቸው ነው ተብለን የምንታማ ስለ ሆንን፥ ሁሉም ወደ እኛ ዞረው መልስ ጠበቁ። የዚያን ዕለት ማታ የረባ መልስ አልሰጠንም። ሻዩም ቀዘቀዘ፥ ካፌውም ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ተከታትለን ጥቂት አንብበናል፥ የሚያውቁትንም ጠይቀናል። ያገኘነው መልስ ባጭሩ ይህ ነው፤ መናገሩ ያስቸግራል፤ አንዳንድ ጊዜም ከማወቁ ይልቅ ያስቸግራል። መናገርን ደግሞ በሰው ፊት ተቀምጦ ካልሆነ በቀር የሚማሩበት ሌላ መንገድ የለም። ዝርዝሩን እንደሚከተለው እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሥራው ምንድን ነው?

ባልና ሚስት የመጀመሪያ ልጃቸው ታሞባቸው፥ ሐኪሙ ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ነው ብሏቸዋል እንበል። ሁለተኛ ልጅ ይመኛሉ፤ ነገር ግን ይፈራሉ። ወይም አንዲት ሴት እናቷና አክስቷ በጡት ካንሰር ሞተውባት «ተራው የኔ ይሆን?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች እንበል። እነዚህ ሰዎች ከመድኃኒቱ ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ። የደረሰባቸው ነገር ለምን እንደ ደረሰ፥ ወደ ፊትም ምን ሊመጣ እንደሚችል፥ ምርመራ ቢኖር መመርመሩ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ይሻሉ። ይህን የሚያደርገው ባለሙያ የዘረመል አማካሪ ይባላል። ዘረመል የምንለው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደውን፥ በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ የሚገኘውን የተፈጥሮ ትእዛዝ ነው። አማካሪው የቤተሰቡን ታሪክ ይጠይቃል፤ የትውልዱን ሐረግ በሥዕል ይነድፋል፤ ሕመሙ እንዴት እንደሚተላለፍ ያብራራል፤ ያሉትን ምርጫዎች ይዘረዝራል። ውሳኔውን ግን ለባለጉዳዩ ይተዋል። «ውለጂ» ወይም «አትውለጂ» አይልም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የራሱ ታሪክ አለው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካና በአውሮፓ «የሰውን ዘር እናሻሽላለን» የሚሉ ሰዎች ተነሥተው ነበር። ሐሳባቸው ዩጀኒክስ ይባል ነበር። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች «ደካማ» የተባሉ ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው እንዲመክኑ ሕግ ወጣ። በጀርመን አገር ናዚዎች ይህንኑ ሐሳብ ይዘው እስከ መግደል ደረሱ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዳይት ኢንስቲትዩት የተባለው የዘረመል ተቋምም የተቋቋመው የዚህ ሐሳብ ደጋፊ የነበረ አንድ ሐኪም በተናዘዘው ገንዘብ ነበር። ነገር ግን በ1947 የተቋሙ መሪ የሆነው ሼልደን ሪድ ከዚያ ሐሳብ መለየት ፈለገና ለሥራው «የዘረመል ምክር» የሚል አዲስ ስም አወጣ። በሪድ አስተሳሰብ አማካሪው የሚያገለግለው ፊቱ የተቀመጠውን ቤተሰብ ነው እንጂ «የአገሩን ዘር» አይደለም። ሙያው እስከ ዛሬ በዚህ መሠረት ላይ ይቆማል።

ሆስፒታል የሌለው ኮሌጅ

የመጀመሪያው የማስተርስ ፕሮግራም የተከፈተው በ1969 ነው። ያቋቋመችው ሜሊሳ ሪክተር ስትሆን፥ ቦታው በኒው ዮርክ ግዛት በብሮንክስቪል ከተማ የሚገኘው ሣራ ሎረንስ ኮሌጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ1971 ተመረቁ። እኛን የገረመን ሣራ ሎረንስ የሕክምና ትምህርት ቤት አለመሆኑ ነው። ሥነ ጽሑፍ፥ ታሪክ፥ ፍልስፍናና ቲያትር የሚማሩበት፥ ከእኛ ፋኩልቲ ጋራ የሚዛመድ ኮሌጅ ነው። ይህን ለሕክምናው ጓደኛችን ስንነግረው ለጊዜው ዝም አለ።

ኮሌጁ የራሱ ሆስፒታል ስለሌለው ተማሪዎቹን ወደ ኒው ዮርክና አካባቢው ሆስፒታሎች መላክ ነበረበት። የተግባር ልምምዱ ስለዚህ ከፕሮግራሙ ጋራ አብሮ ተወለደ። ጠዋት በክፍል ውስጥ ስለ ሕዋስ የተማረች ልጅ ከሰዓት በኋላ በባቡር ሄዳ አንዲት እርጉዝ ሴት ፊት ትቀመጣለች። ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ ከ50 በላይ ፕሮግራሞች ሲኖሩ ሁሉም ይህን ልምድ ይከተላሉ።

ክፉ አነጋገር ምን እንዳደረሰ

ልምምዱ ለምን እንዳስፈለገ በግልጽ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ሲክል ሴል የሚባል የደም ሕመም አለ። ልጅ ይህን ሕመም የሚታመመው የተለወጠውን ዘረመል ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ሰው በአመዛኙ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ነገር ግን ለልጁ ሊያወርስ ይችላል። ከ13 ጥቁር አሜሪካውያን አንዱ ያህል እንዲህ ያለ ጤነኛ ወራሽ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮች ለዚህ ሕመም በግዴታ እንዲመረመሩ ሕግ አወጡ። ደሙን መመርመር ቀላል ነበር። ውጤቱን የሚያስረዳ ሰው ግን አልተዘጋጀም ነበር። «አለብዎት» ተብሎ በወረቀት የተነገረው ጤነኛ ሰው በሽተኛ የሆነ መሰለው። አሠሪዎችም የመድን ኩባንያዎችም እንደዚሁ መሰላቸው፤ ሥራ የተከለከሉና የመድን ክፍያ የተጨመረባቸው ነበሩ። የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ እነዚህን ጤነኛ ወራሾች እስከ 1981 ድረስ አይቀበልም ነበር። በ1972 የወጣው የፌዴራል ሕግ ገንዘብ ሲመድብ ምርመራው በፈቃድ እንዲሆንና ምክር አብሮት እንዲሰጥ አዘዘ።

እንግዲህ ልብ እንበል።  የደሙ ውጤት ትክክል ሲሆንም እንኳ ሰዎቹን የጎዳው በውጤቱና በጆሯቸው መካከል የነበረው ባዶ ቦታ ነው። የዘረመል አማካሪ የሚሠለጥነው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ለመቀመጥ ነው።

በክፍሉ ውስጥ ምን ይሠራል?

ልምምዱ የሚጀምረው በማየት ነው። በዚህ ሙያ የሚበዙት ሴቶች ስለ ሆኑ እኛም «ተማሪዋ» እንላለን። ተማሪዋ በመጀመሪያ ጥግ ተቀምጣ አማካሪዋ ስትሠራ ትመለከታለች። ቀጥላ ከሥራው አንዱን ክፍል፥ ብዙውን ጊዜ የቤተሰብ ታሪክ መጠየቁን፥ ትወስዳለች። ከዚያ ማብራራቱን፥ ከዚያም የምርመራ ውጤት መንገሩን ትጨምራለች። በመጨረሻ ጉዳዩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ራሷ ትይዘዋለች። ያን ጊዜ ጥግ የምትቀመጠው አማካሪዋ ናት፤ ወንበር ተለዋወጡ ማለት ነው።

ፕሮግራሞቹን የሚመዝነው የዕውቅና ምክር ቤት ባወጣው መለኪያ መሠረት እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ በ50 ጉዳዮች ተሳታፊ መሆን አለበት። ታዝቦ መውጣት ከ50ው አይቆጠርም። ተማሪዋ በየጉዳዩ የሠራችውን በመዝገብ ትጽፋለች፤ የሙያ ማረጋገጫ ያላት ተቆጣጣሪዋም ታረጋግጥላታለች። ጉዳዮቹ የአንድ ዓይነት ብቻ እንዳይሆኑ በእርግዝና ክትትል፥ በሕፃናት ሕክምና፥ በካንሰርና በሌሎችም ክፍሎች እየተዘዋወረች ትሠራለች።

በእነዚህ ክፍሎች የሚማሩት ብዙ ቢሆንም ለማሳያ ሦስቱን እንጥቀስ።

አንደኛው መጠየቅ ነው። የትውልድ ሐረግ ሥዕል የራሱ ምልክቶች አሉት። ወንድ በአራት ማዕዘን፥ ሴት በክብ ይሣላል። የታመመው ቅርጹ ይጠቁራል፤ በሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል፤ ዘመዳሞች ተጋብተው እንደ ሆነ ጋብቻው በድርብ መስመር ይታያል። ሐረጉ ቢያንስ እስከ ሦስት ትውልድ ይወጣል። ይህን አሣሣል በአንድ ከሰዓት በኋላ መማር ይቻላል። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። «ልጆቹ ሁሉ ከአንድ አባት ናቸው?» «ከዚህ በፊት የወረደ ፅንስ ነበር?» «እናንተ ሁለታችሁ ትዛመዳላችሁ?» ይህን ሴትዮዋን አማትዋ አጠገብዋ ተቀምጣ ሳለ እንዴት ይጠይቋታል? በምን ድምፅ? ከየትኛው ጥያቄ በኋላ? መቼስ አማትዋን በትሕትና ውጭ ይቆዩልን ማለት ይገባል? መጽሐፉ ምልክቱን ይነግራል፤ ድምፁን አይነግርም።

ሁለተኛው ቁጥር ማስረዳት ነው። ባልም ሚስትም የአንድ ሕመም ጤነኛ ወራሾች ከሆኑ፥ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ታማሚ የመሆኑ ነገር ከ4 አንድ ነው። ለእኛ ይህ የአንድ ደቂቃ ሒሳብ ነው። አባትየው ግን «አንዱ ታሟል፤ እንግዲህ የሚቀጥሉት ሦስቱ ደኅና ናቸው» ብሎ በደስታ ሊነሣ ይችላል። ይህ ስሕተት በሁሉም አገር የታወቀ ነው። አማካሪዋ ሳንቲም አውጥታ፥ ሳንቲሙ ትናንት በየት በኩል እንደ ወደቀ ዛሬ እንደማያስታውስ ልታሳየው ትችላለች። ከዚያም «እስቲ የነገርኩዎትን በራስዎ አነጋገር ለወንድምዎ እንደሚነግሩ አድርገው ይንገሩኝ» ትለዋለች። ተማሪዋ መረዳቱን የምታውቀው ራሱን ሲነቀንቅ ሳይሆን ይህን መልሶ ሲነግራት ነው። ሰው በአክብሮትም፥ በድካምም፥ ቶሎ ለመውጣትም ራሱን ይነቀንቃልና።

ሦስተኛው ዝም ማለት ነው። ተማሪዎች ሁሉ በዚህ ይወድቃሉ ይባላል። እናትየዋ ውጤቱን ሰምታ ማልቀስ ስትጀምር ተማሪዋ ትደነግጣለች፤ ባወቀችውም ነገር ዝምታውን ትሞላለች። ስለ ክሮሞሶም ትናገራለች፥ መቶኛ ትጠቅሳለች፥ ወረቀት ታቀብላለች። ታካሚዎቹ ከወጡ በኋላ ተቆጣጣሪዋ በሩን ዘግታ «ስታለቅስ ምን ፈራሽ?» ብላ ትጠይቃታለች። ይህ ጥያቄ ከመላው ልምምድ ውስጥ ዋነኛው ነው ብንል አልተሳሳትንም። ተማሪዋ ያቀረበችው መረጃ ለእናትየዋ ይሁን ለራሷ መጽናኛ የምታስተውለው በዚህ ጊዜ ነው።

ጠባቡ በር

ይህን ያነበበ ሰው «ነገሩ ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነ ተማሪዎቹን ለምን አያበዙም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱም በዚያው ወንበር ላይ ይገኛል። አንድ መምህር በአንድ አዳራሽ ለ200 ተማሪዎች ስለ ዘረመል ማስተማር ይችላል። በምክር ክፍሉ ውስጥ ግን ቦታ ያለው ለአንድ ቤተሰብ፥ ለአንዲት ተማሪና ለአንዲት ተቆጣጣሪ ነው። ሰባት ተማሪዎች ቆመው እያዩዋት አንዲት ሴት ስለ ወረደባት ፅንስ አትናገርም። ተቆጣጣሪዋም የዕለት ሥራዋ ሳይቀነስላት ነው የምታስተምረው። ከታካሚው በፊት ከተማሪዋ ጋራ ትዘጋጃለች፤ በኋላም ትነጋገራለች፤ ለቤተሰቡ የሚላከውንም ደብዳቤ ታርማለች። ከአማካሪዎችም ጥቂት ያልሆኑ በምርመራ ኩባንያዎች ተቀጥረው ከታካሚው ክፍል ወጥተዋል።

ስለዚህ ፕሮግራሞቹ ስንት ተማሪ እንቀበል ሲሉ አስቀድመው የሚቆጥሩት በሆስፒታል ያገኙትን የልምምድ ቦታ ነው። አመልካች ሞልቶ ቦታ ሲያንስ ብዙ ብቁዎች ይመለሳሉ። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ሆስፒታሎች በራቸውን ለተማሪዎች ሲዘጉ ችግሩ ባሰ። ያን ጊዜ ምክሩ በስልክና በቪዲዮ መሰጠት ጀመረ፤ ተማሪዎችም በዚያው መንገድ ገቡ። ታካሚ መስለው የሚጫወቱ የሠለጠኑ ተዋንያንን ለልምምድ ማሰማራትም እየተስፋፋ ሄደ። ተዋናይ እውነተኛውን ታካሚ አይተካም፤ ሆኖም ስሕተቱ ማንንም ሳይጎዳ ተማሪው የሚሳሳትበት ቦታ ይሰጣል። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጆሃንስበርግና በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲዎች የዘረመል አማካሪዎችን ታሠለጥናለች። በዚያም ተማሪዎች በሆስፒታል ይለማመዳሉ። የእነርሱ ችግር ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ታካሚዋ ግን ዙሉኛ ወይም ኮሳኛ ተናጋሪ ልትሆን ትችላለች።

ነገሩ ወደ አማርኛ ሲመጣ

በዋሽንግተን አካባቢ፥ በሚኒሶታ ወይም በሲያትል የምትኖር አማርኛ ተናጋሪ እናት ወደዚህ ክፍል ስትገባ ሦስተኛ ሰው አብሯት ይገባል፤ እርሱም አስተርጓሚው ነው። በአሜሪካ በ2010 በወጣው የጤና ሕግ ሥር የተጻፈው ደንብ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፥ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀርም ሕፃን ልጅን ለእናቱ አስተርጓሚ እንዳያደርጉ ያዛል። ተገቢ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ «ወንድሜ የታመመው ከአንቺ በወረሰው ነው» የሚለውን ቃል ለእናቱ እንዲያደርስ ማን ይፈርድበታል?

ይሁን እንጂ ብቁው አስተርጓሚም ቢሆን ምን ዓይነት ቃል ይዞ ይገባል? እኛ በዚህ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረናል። የደረስንባቸውን አራት ቃላት እናቅርብ።

«ዘር» የሚለውን እንውሰድ። ገበሬው የሚዘራው ዘር ነው፤ ጎሣም ዘር ነው፤ የአባትና የእናት ትውልድም ዘር ነው። «በዘር ያለ በሽታ» ሲባል ሰሚው አንድን ዘረመል አያስብም፤ ቤተሰቡን ሁሉ፥ ሙታኑንም ሕያዋኑንም ያስባል። እኅቱን ለመዳር የተዘጋጀ ወንድም ይህን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ለማንም ግልጽ ነው።

ቀጥሎ «ተሸካሚ» የሚለው አለ። ጤነኛውን ወራሽ የሕክምና ጓደኞቻችን «ተሸካሚ» ይሉታል። በእኛ ጆሮ ግን ተሸካሚ ሸክም ያለበት ሰው ነው። ጤነኛ ነህ እያሉ ሸክም አለብህ ማለት አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ «ጤነኛ ወራሽ» ያልነው ለዚህ ነው፤ የተሻለ ያለው ይንገረን።

ሦስተኛው «ዕድል» ነው። «25 በመቶ የመታመም ዕድል አለው» ይባላል። ነገር ግን ዕድል በአማርኛ ብዙውን ጊዜ መልካም ነገር ነው፤ አንዳንዴም ከላይ የተጻፈ ዕጣ ነው። ዕጣ ከሆነ ደግሞ ምርመራውም ጥንቃቄውም ምን ያደርጋል?

አራተኛው «ፖዘቲቭ» ነው። በብዙ ምርመራ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው ማለት የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ብቻ ነው። በአገራችን ግን ይህ ቃል ከኤች አይ ቪ ጋራ ተጣብቆ ብዙ ዓመት ኖሯል። ሌላ ማብራሪያ ሳይቀድመው ለአንዲት እናት «ፖዘቲቭ ነዎት» ያለ ሰው ምን እንዳላት ራሱ አያውቅም።

ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ የሚመስለው ቢኖር ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ይመልከት። ከዝሆኔ ዓይነቶች አንዱ፥ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፥ በባዶ እግራቸው ቀዩን የእሳተ ገሞራ አፈር የሚረግጡ ደገኞችን የሚያጠቃ ነው። ስሙን ያወጣው በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፥ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገጣጠመ ነው። የሕመሙ መነሻ አፈሩ ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ አፈር ረግጠው የማይታመሙ ብዙዎች አሉ። በ2012 የታተመ ጥናት ከሰውነት መከላከያ ጋራ የተያያዙ የዘረመል ልዩነቶች አንዳንዱን ሰው ለዚህ ሕመም እንደሚያጋልጡት አሳይቷል። በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ለአንድ ገበሬ ይህን እንዴት ይነግሩታል? «አዎን፥ በዘር አለበት» ብለው ቢያቆሙ እውነት ተናግረዋል። ገበሬው ግን «እንግዲያውስ ጫማው ምን ይረባኛል?» ይላል፤ ጎረቤቱም ልጁን አያገባም። «በዘር የለበትም፥ ከአፈር ብቻ ነው» ቢሉት ደግሞ ያው አፈር ጎረቤቱን ለምን እንዳልነካው በዓይኑ ስለሚያይ አያምናቸውም። «አፈሩን የማይችል እግር አለ፤ ያ እግር ከልጅነቱ ጫማ ቢያደርግና ቢታጠብ ግን ከሕመሙ ይጠበቃል» ቢሉት ሁለቱም እውነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ገቡ። ይህን ዓረፍተ ነገር የሚወልደው ላቦራቶሪ አይደለም። ከገበሬው ጋራ ተቀምጦ፥ ተሳስቶ፥ ታርሞ የተማረ ሰው ነው።

ሕዝባችን ለዚህ ነገር ባዳ ነው የሚሉ ካሉም አንስማማም። አማካሪዋ ሦስት ትውልድ ስትነድፍ፥ የእኛ ሽማግሌዎች ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። እናቶቻችን ማን ከማን እንደ ተወለደ፥ ማን በልጅነቱ እንደ ተቀጨ ያለ ወረቀት ይናገራሉ። ሐረጉ በአፋቸው አለ። የጎደለው እርሱን በአክብሮት የሚጠይቅና በሚገባቸው ቃል የሚመልስ የሠለጠነ ሰው ነው።

እኛስ?

በአገራችን ይህ ሙያ ገና በጅምር ላይ ነው፤ ምክሩንም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሰልፍ የሚጠብቀው ሐኪም ነው። እኛ የአርት ተማሪዎች ሐኪም አንሆንም። ሆኖም ከላይ አንባቢ እንዲይዝልን የለመንነው ነጥብ አለ፤ ታካሚ መስሎ መጫወት።

ባለፈው ቅዳሜ በትንሹ ሞከርነው። አንዲት የቲያትር ተማሪ ልጇ የታመመባት እናት ሆነች። የሕክምናው ጓደኛችን አማካሪ ሆኖ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኛ ጥግ ተቀመጥን። ስለ ከ4 አንድ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረ፤ በእውነቱ ያልተሳሳተ፥ የተሟላ ንግግር ነበር። ሲጨርስ ልጅቷ አቀርቅራ «ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው?» አለች። ጓደኛችን አፉን ከፈተ፥ ዘጋው፥ ወደ እኛም ዞረ። ያን ጊዜ እኛም መልስ አልነበረንም። ኋላ ግን ራሱ «ይህን የሚያስተምረኝ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የካፌው ክርክር በዚህ ተዘጋ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የቲያትር ተማሪዎች ከሕክምናና ከነርስ ተማሪዎች ጋራ በወር አንድ ቅዳሜ ተገናኝተው እንዲህ ያለውን ልምምድ ቢሠሩ፤ የሚያስፈልገው ሁለት ወንበርና አንድ ክፍል ነው። ሁለተኛ፥ የቋንቋ ተማሪዎች «ዘር»ን፥ «ተሸካሚ»ን፥ «ዕድል»ንና «ፖዘቲቭ»ን ጀምረው፥ በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ታካሚን የማያስደነግጡ ቃላት ቢሰበስቡ። የተሰበሰበውን በዚህ መጽሔት ለማውጣት ዝግጁ ነን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚገልጠው ሲነግሩት የሚሰማ፥ ሲመልስለትም የማያቆስል ሰው ሲያገኝ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በልምምድ ይሠራል።